የፍሬን ጩኸት ይነበብ እንጂ አይታፈን

«እባክህ ይህን ጩኸት አጥፋልኝ!» በአዲስ አበባ ጋራዦች ደጃፍ ከሚሰሙት አቤቱታዎች መካከል ይህን ያህል የሚደጋገም ያለ አይመስለኝም። ባለ መኪናው ፍሬን በረገጠ ቁጥር መኪናው ያፏጫል፤ መንገደኛው ዘወር ብሎ ያየዋል፤ እሱም ያፍራል። መካኒኩ ጎማውን ፈትቶ ሸራውን በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል፤ ከሸራው ጀርባ ግሪስ ይቀባል፤ አንዳንዴም የሸራውን ጠርዝ በሞረድ ይበላዋል። መኪናው ዝም ይላል። ሒሳቡ ይከፈላል፤ ሁለቱም ተመሰጋግነው ይለያያሉ። በዚህ ሁሉ መካከል ግን አንድ ጥያቄ ሳይነሣ ይቀራል፦ መኪናው ለምን ጮኸ?

የዚህ ጽሑፍ አቋም ቀላል ነው። የፍሬን ድምፅ መረጃ ነው፤ መረጃን ደግሞ ያነብቡታል እንጂ አያፍኑትም። ከዚህም ጋር አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ የድምፁ ከፍታ የአደጋው መለኪያ አይደለም። ጆሮ የሚበሳው ፉጨት ብዙ ጊዜ ጉዳት የሌለው ሊሆን ይችላል፤ ሰው ከሚገድሉት የፍሬን ብልሽቶች ውስጥ ግን ምንም ድምፅ ሳያሰሙ የሚመጡ አሉ።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ ተነሥቼ አይደለም። ፊዚክስ የማስተምር ሰው ሆኜ ሳለሁ ከጥቂት ዓመታት በፊት ያንኑ ልመና ይዤ ከአንድ ጋራዥ ደጃፍ ቆሜ ነበር። መካኒኩ ከሸራው ጎን ብቅ ያለች ቀጭን የብረት ምላስ አሳየኝና «የምትጮኸው ይቺ ናት፤ ልቁረጣት?» አለኝ። «ቁረጣት» አልሁት። ተቆረጠች፤ መኪናዬም ዝም አለች። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ስወርድ መንገድ የሚያቋርጡ ተማሪዎች አየሁና ፍሬን ያዝሁ። ከፊት ጎማው በኩል ብረት ብረትን ሲፍቅ ሰማሁ፤ መኪናዋም ትቆማለች ካልሁበት ቦታ አልፋ ቆመች። በእኔና በፊተኛዋ ልጅ መካከል የቀረው ርቀት ሁለት ክንድ አይሞላም ነበር። ያቺ የብረት ምላስ የሸራውን ማለቅ እንድታሳውቅ በፋብሪካ የተሠራች ምልክት ነበረች። ሸራው ሳስቶ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ሲቀረው ዲስኩን እየነካች ትጮኻለች። ሊያስጠነቅቀኝ የተሠራውን ነገር እኔው ከፍዬ አስቆረጥሁት። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚሉት ለካ ለሰው ብቻ አይደለም።

ከማሲንቆው ደጋን እስከ ዲስኩ

ፍሬን በመሠረቱ ኢነርጂን ከአንድ መልክ ወደ ሌላ የሚለውጥ መሣሪያ ነው። የሚሮጥ መኪና የእንቅስቃሴ ኢነርጂ አለው። ሸራው የሚሽከረከረውን ዲስክ ወይም ታምቡር ሲጨብጥ ይህ ኢነርጂ በሰበቃ አማካይነት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ድምፅ ሆኖ የሚወጣው ከዚህ ውስጥ እጅግ ጥቂቱ ነው። ሆኖም ያ ጥቂቱ ሸራና ዲስክ ከሚገናኙበት፣ ዐይናችን ከማይደርስበት ስፍራ ወሬ ይዞልን ይመጣል።

የሰበቃ ጥናት ረጅም ዕድሜ አለው። ፈረንሳዊው ጊዮም አሞንተን እ.ኤ.አ. በ1699፣ የአገሩ ልጅ ሻርል ኩሎም ደግሞ በ1785 ባወጧቸው ሥራዎች መሠረቱን ጥለዋል። ከዚህ ትምህርት ለጉዳያችን የሚጠቅመን አንድ ሐቅ አለ፤ የቆመን ነገር ከቦታው ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ኃይል አንዴ የተንቀሳቀሰውን ለማስቀጠል ከሚያስፈልገው ኃይል አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል። ማሲንቆ የሚዘፍነው በዚህ ሐቅ ነው። የደጋኑ የፈረስ ጭራ የማሲንቆውን ክር ይዞ ይስበዋል፤ ክሩ እየተወጠረ ጥቂት አብሮት ይሄዳል፤ ከዚያም ያመልጥና ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ደጋኑም እንደ ገና ይይዘዋል። ይህ መያዝና ማምለጥ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በመቶ ለሚቆጠር ጊዜ ሲደጋገም ዜማ ይሆናል።

በፍሬን ላይም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። በትራፊክ መጨናነቅ መካከል ፍሬኑን ቀስ ብለን ለቀቅ ስናደርግ፣ መኪናው እንደ መንፏቀቅ ሲል የምንሰማው ዝቅ ያለ ጉምጉምታ ይኸው መያዝና ማምለጥ ነው። ቀጭኑ ፉጨት ግን ጥቂት የተወሳሰበ ነው። ዲስክ እንደ ደወል የራሱ የሆኑ ተፈጥሯዊ ድግግሞሾች አሉት፤ ሸራውና ሸራውን የሚይዘው ካሊፐርም እንዲሁ። የአንዱ ድግግሞሽ ከሌላው ጋር ሲቀራረብ ሰበቃው ሁለቱን ያቆራኝና ከመኪናው እንቅስቃሴ ኢነርጂ እየቀዳ ርግብግቢታቸውን ያሳድገዋል። በዚህ ጊዜ ዲስኩ በሴኮንድ ከ1,000 ጊዜ በላይ እየተርገበገበ ይጮኻል። የሰው ጆሮ ደግሞ ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ ባለው ክልል ከሁሉ የበለጠ ንቁ ነው። እንግዲህ ፉጨቱ የሚያስበረግገን ከባድ አደጋ ስላለበት ሳይሆን ጆሯችን ለዚያ ድግግሞሽ የተሳለ በመሆኑ ነው።

ዝምታ የተገዛበት ዋጋ

የፍሬን ጩኸትን ማፈን ዛሬ በእኛ ጋራዦች የተጀመረ ልማድ አይደለም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1902 ለመኪና የሚሆን የዲስክ ፍሬን ፈልስፎ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ዲስኩን የሚጨብጠው ክፍል ከመዳብ የተሠራ ስለ ነበር ግን ብረትና ብረት ሲፋተጉ የሚወጣው ጩኸት የሚቻል አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኸርበርት ፍሩድ የተባለ የአገሩ ሰው በአስቤስቶስ የተሠራ ሸራ አቀረበ። ጩኸቱ ረገበ፤ ሸራውም ሙቀትን የሚችል ሆነ። የዓለም መኪኖች ለአብዛኛው የ20ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ ሸራ ሲቆሙ ኖሩ። በኋላ እንደ ተረጋገጠው ግን የአስቤስቶስ ብናኝ የሳንባና የሳንባ ሽፋን ካንሰር ያመጣል፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ማዕድኑን በሁሉም አባል አገሮች ከልክሏል። ድምፁ ጠፋ፤ ጉዳቱ ግን ከጆሮ ወደ ሳንባ ተዛወረ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በብዙ ጋራዦች ታምቡር ሲከፈት ብናኙ በኮምፕሬሰር ይነፋል፤ ልጅ እግሩ ረዳትም በዚያ ጥቁር ጉም መካከል ቆሞ ይተነፍሳል። ከምን እንደ ተሠራ በላዩ ያልተጻፈ ሸራ በሚሸጥበት ገበያ ብናኙ ምን እንደ ሆነ አይቶ መለየት አይቻልም። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ከመንፋት የማይበልጥ ድካም ነው፤ የሚያተርፈው ግን ሕይወት ሊሆን ይችላል።

አራት ጥያቄዎች

ታዲያ ድምፁ እንዴት ይነበባል? ሐኪም በሽተኛውን ከመንካቱ በፊት «መቼ ጀመረህ? የት ላይ ነው?» ብሎ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ ባለ መኪናውም ወደ ጋራዥ ከመሄዱ በፊት የአራት ጥያቄዎችን መልስ ቢይዝ የምርመራው ግማሽ ተጠናቀቀ ማለት ነው።

የመጀመሪያው፦ ድምፁ የሚሰማው ፍሬን ሲያዝ ብቻ ነው ወይስ ሳይያዝም? ፍሬን ሳይያዝ የሚሰማና ሲያዝ የሚጠፋ ወይም የሚለወጥ ቀጭን ጩኸት ብዙ ጊዜ ያቺ የማስጠንቀቂያ ምላስ ናት። ፍሬን ተያዘ አልተያዘ የማይለወጥ፣ መኪናው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ግን የሚጨምር ወይም የሚቀንስ ጉርምርምታ ከሆነ፣ ጥፋቱ ከፍሬኑ ሳይሆን ከጎማው ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ሸራ የሚቀይር መካኒክ የሰውየውን ገንዘብ በከንቱ ያስወጣል።

ሁለተኛው፦ ድምፁ ከፍጥነት ጋር ይለወጣል? እዚህ ላይ አነስተኛ ስሌት ትረዳናለች። ዙሪያው 2 ሜትር ገደማ የሆነ ጎማ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሴኮንድ 10 ሜትር ሲጓዝ፣ በሴኮንድ 5 ጊዜ ይዞራል። ፍጥነቱ ወደ 18 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ዙሩ 2.5 ይሆናል። እየተቆራረጠ የሚሰማ ፍቅታ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ምቱም በግማሽ ከቀነሰ ምንጩ ከጎማው ጋር የሚዞር ነገር ነው፤ ውፍረቱ እኩል ያልሆነ ዲስክ ወይም ክብነቱን ያጣ ታምቡር ይጠረጠራል። ፍጥነት ሲቀንስ ቅጥነቱ የማይለወጥ ፉጨት ከሆነ ግን የምንሰማው የዲስኩን የራሱን ተፈጥሯዊ ድግግሞሽ ነው። ይህን ለመለየት ያለ ጆሮና ያለ ፍጥነት መቁጠሪያ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም።

ሦስተኛው፦ ድምፁ ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ? በክረምት ሌሊቱን ዝናብ የመታው መኪና ጠዋት ሲነሣ ፍሬኑ ቢፍቅ፣ በዲስኩ ላይ ያደረ ስስ ዝገት ነውና ጥቂት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ተጠርጎ ይጠፋል። ረጅም ቁልቁለት ከተወረደ በኋላ የሚጀምር ድምፅ ግን ሙቀት መብዛቱን ይናገራል፤ ሸራው ተቃጥሎ ፊቱ እንደ መስታወት ልሙጥ ሆኖ ሊሆን ይችላል።

አራተኛው፦ እግርህ ምን ይሰማዋል? ፔዳሉ በእግር ሥር በምት እየገፋ ከተመለሰ የዲስክ መዛባት ይጠረጠራል። መኪናው ወደ አንድ ወገን ከሳበ የአንዱ ጎማ ፍሬን ከሌላው እኩል እየሠራ አይደለም። ፔዳሉ ሲረገጥ «ሽሽሽ» የሚል የአየር ድምፅ ከመጣና ፔዳሉ ከጠነከረ፣ በተለምዶ ሰርቮ የሚባለውና የእግርን ግፊት የሚያግዘው ክፍል አየር ያስገባል ማለት ነው። በሚያንሸራትት መንገድ ላይ በድንገት ፍሬን ሲያዝ ፔዳሉ ቢንቀጠቀጥና ድምፅ ቢያሰማ ግን፣ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚከላከለው ሥርዓት ሥራውን እየሠራ ነው፤ ደንግጦ እግርን ማንሣት ስሕተት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ቀጠሮ የማይሰጠው አንድ ድምፅ አለ፤ ፍሬን ሲያዝ ብረት ከብረት ጋር ሲፋቅ የሚሰማው ሻካራ ድምፅ ነው። አልፎ አልፎ በዲስኩና በመከለያው ቆርቆሮ መካከል የገባ ጠጠር ሊሆን ይችላል። ይሁንና ጎማው ተፈትቶ እስኪታይ ድረስ ሸራው አልቆ ሸራው የተለጠፈበት ብረት ዲስኩን እየበላው እንደ ሆነ መቁጠር ይገባል። ያ መኪና ሰው አሳፍሮ መሄድ የለበትም።

ሳይጮኽ የሚመጣው

እስካሁን ያየነው የሚናገረውን ፍሬን ነው። ከዚህ የሚያስፈራው የማይናገረው ነው። ተሳፋሪ የሞላ፣ ጠቅላላ ክብደቱ 2,500 ኪሎ ግራም የሆነ ሚኒባስ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ተነሥቶ እስኪቆም ድረስ ፍሬኑ ወደ 350 ኪሎ ጁል የሚጠጋ ኢነርጂ ወደ ሙቀት ይለውጣል። ይህ አንድ ሊትር ውኃን ከ20 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለማድረስ የሚበቃ ነው። ያው ሚኒባስ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ቢወርድስ? የቁልቁለቱ ከፍታ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። 1,000 ሜትሩን ብቻ ብንወስድ እንኳ 24.5 ሜጋ ጁል ይመጣል፤ ከላይ ያየነውን የማቆም ሥራ ያለ ዕረፍት 70 ጊዜ እንደ መሥራት ማለት ነው። 30 ቶን ለሚመዝን የጭነት መኪና ደግሞ ሒሳቡ ወደ 294 ሜጋ ጁል ያድጋል፤ ወደ 880 ሊትር ውኃ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ የሚያደርስ ሙቀት ነው። ከአየርና ከመንገድ ሰበቃ የተረፈውን ሁሉ ወይ ሞተሩ በከባድ ማርሽ ይቀበለዋል፣ ወይ ፍሬኑ ይሸከመዋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ነፃ አድርጎ የሚወርድ ሾፌር ሸክሙን ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይጥለዋል።

ሸራ ከመጠን በላይ ሲሞቅ የሰበቃ ብቃቱ ይወድቃል። የፍሬን ዘይቱም በዕድሜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ድረስ እንዳይፈላ ደረጃው ያስገድዳል፤ ውኃ ከገባበት በኋላ ግን ይህ ወሰን ወደ 140 ይወርዳል። ዘይቱ ከፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት እንደ ፈሳሽ ሳይሆን ይታመቃል፤ ስለዚህ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፤ መኪናው ግን አይቆምም። በዚህ ሁሉ ውስጥ ፉጨት የለም፤ ፍቅታ የለም። ከዚህም ላይ የከፍታችን ጉዳይ አለ። ሰርቮ የሚሠራው በከባቢ አየር ግፊትና በባዶ ክፍሉ መካከል ባለው ልዩነት ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ሰርቮው ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛ እገዛም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

የአደጋ ዜና በሰማን ቁጥር «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው» ሲባል እንሰማለን። ይህ አነጋገር ብረቱን ፈቃድ ያለው ፍጡር ያደርገዋል፤ ምርመራውንም ገና ሳይጀመር ይዘጋዋል። ፍሬን እምቢ አይልም። ይሞቃል፣ ያልቃል፣ ያፈስሳል፣ ዘይቱ ይፈላል። እያንዳንዱ ምክንያት አለው፤ እያንዳንዱ ምክንያትም መከላከያ አለው። በሰው ሞት ላይ «እምቢ አለ» ብሎ ማለፍ ጩኸቱን በግሪስ ከመቀባት የማይለይ ማፈን ነው።

ምን ይደረግ?

«ልምድ ያለው መካኒክ ይህን ሁሉ በጆሮው ያውቃል» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው። መኪናው ከበሩ ሳይገባ በድምፁ ብቻ በሽታውን የሚናገሩ ሊቃውንት በጋራዦቻችን አሉ፤ ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን ያ ዕውቀት በጆሮ ተገኝቶ በጆሮ የሚቀር ነው፤ ባለቤቱ ሲያርፍ አብሮት ያርፋል። ደግሞም ደንበኛው የሚከፍለው ለዝምታ እስከ ሆነ ድረስ ሊቁም ዝምታን ይሸጣል። ሌላው ተቃውሞ የኑሮ ነው። የዕለት ገቢውን በዕለት የሚያስረክብ የታክሲ ሾፌር መኪናውን ግማሽ ቀን ማቆም ይከብደዋል። ይህንንም አልክድም። ሆኖም በጊዜ ያልተቀየረ ሸራ ዲስኩን ይበላል፤ ዲስኩ ቶርኖ ቤት ይሄዳል ወይም ጨርሶ ይጣላል። ድሀው ሾፌር በማዘግየቱ የሚከፍለው እጥፍ ነው፤ ያውም የሚከፈለው በገንዘብ ብቻ ከሆነ።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። ባለ መኪናው «ጩኸቱን አጥፋልኝ» ማለቱን ትቶ «ለምን እንደሚጮኽ ንገረኝ» ይበል፤ የተቀየረውንም አሮጌ ሸራ ተቀብሎ ውፍረቱን በዐይኑ ይይ። ዓመታዊ ምርመራ የሚያደርጉ ወገኖች ፍሬኑ የዚያን ዕለት ስለ መያዙ ብቻ ሳይሆን፣ ስለ ቀረው ሸራና ስለ ዘይቱ ዕድሜም ይጠይቁ፤ ቦሎ ለአንድ ዓመት የሚለጠፍ እንጂ ለአንድ ዕለት የሚሰጥ አይደለምና። ሦስተኛው የእኛ የመምህራኑ ድርሻ ነው። ተማሪዎቻችን ስለ ሰበቃ የሚማሩት በተዳፋት ላይ በምትንሸራተት የእንጨት ቁራጭ ነው። ከግቢያችን በር ጥቂት ራመድ ብሎ ካለ ጋራዥ ግን እውነተኛው ቤተ ሙከራ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። ተማሪው በእጅ ስልኩ ድምፁን ይቅዳ፤ ድግግሞሹን ይለካ፤ ጎማው ሲፈታ የተገኘውን ከግምቱ ጋር ያስተያይ። የሊቁ መካኒክ ጆሮና የተማሪው ስሌት በአንድ መዝገብ ላይ ቢገናኙ ሁለቱም ያተርፋሉ።

ጉዳዩ ከአሮጌ መኪኖች ጋር አብሮ ያልፋል የሚልም ይኖር ይሆናል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በጎዳናዎቻችን በዝተዋል። እነዚህ መኪኖች ፍጥነታቸውን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀንሱት በሞተራቸው ነው፤ ሸራቸው ብዙ ስለማይሠራ ዲስካቸው ዝገት ይይዛል፤ የሞተር ድምፅም ስለሌላቸው ጥቂቷ ፍቅታ ጎልታ ትሰማለች። «አጥፋልኝ» የሚለው ልመና ወደ እነርሱም መምጣቱ አይቀርም።

ያቺን የተቆረጠች የብረት ምላስ ዛሬም በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫታለሁ። ሰበቃን በማስተምርበት ዕለት ይዣት ወደ ክፍል እገባለሁ፤ ታሪኳንም ሳልደብቅ እናገራለሁ። ከተማሪዎቹ አንዱ «ታዲያ መምህር፣ ያን ጊዜ ፊዚክሱን አያውቁትም ነበር?» ብሎ ጠይቆኝ ያውቃል። ዐውቀው ነበር። ያልሁትን ያልሁት ዕውቀት አጥቼ ሳይሆን ጩኸቱ ስላሳፈረኝ ነው።